ከመስጠታችን በፊት እንጠይቅ

(ስለ መታወቂያና ስለ ግል መረጃ በአንድ ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ብዙ ሰው በጽሑፍ ስጠን ስላለኝ ከሞላ ጎደል እንደወረደ አስቀምጬዋለሁ።)

እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ ያላችሁት ትሰሙኛላችሁ? እሺ ጥሩ። ሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ቤት የሚጠብቃችሁ እያለ እዚህ ስለመጣችሁ በጣም ነው የማመሰግነው፣ ክብረት ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መታወቂያ ነው። መታወቂያ ስል ካርዱን ብቻ አደለም። ካርዱን ለማግኘት የሰጠነውን፣ ካርዱን ባሳየን ቁጥር የሚመዘገብብንን፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የማናውቀው ሰው መሳቢያ ውስጥ የሚቀረውን፣ ሁሉንም ማለቴ ነው። ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ የሰጠነው መረጃ መጨረሻው የት ነው? ሁለተኛ፣ ያለ መታወቂያ አይቻልም ሲባል በር ላይ የሚቀረው ማነው? ሦስተኛ፣ እኛ ምን እናድርግ? የመጀመሪያው ላይ ቆየት እላለሁ፣ ዋናው ነገር እዛ ስለሆነ ታገሱኝ። ቀኖቹንና ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኔ መታወቂያ አይኑር የሚል ሰው አደለሁም። በዓለም ባንክ ግምት 800 ሚሊዮን ገደማ ሰው ማንነቱን የሚያሳይበት ምንም ሕጋዊ ወረቀት የለውም። እንደዚ ያለ ሰው ልጁን ለማስመዝገብ ይቸገራል፣ ባንክ ሒሳብ አይከፍትም፣ የወረሰውን ቤት እንኳን በስሙ ማዞር ያቅተዋል። የተባበሩት መንግሥታት እስከ 2030 ሁሉም ሰው ሕጋዊ ማንነት ይኑረው ብሎ ግብ አስቀምጧል፣ እኔም ልቤ ከዛ ግብ ጋር ነው። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። እኔ እኔ መሆኔን ለማረጋገጥ ስንት መረጃ ነው የሚበቃው? ከዛ በላይ ያለው ለምን ይወሰዳል? ከተወሰደስ በኋላ ማን ይጠብቀዋል?

እሺ፣ ወደ አንደኛው ልሂድ።

ከዓመታት በፊት አንድ ሕንፃ ላይ ጉዳይ ነበረኝ። መግቢያው ላይ ጥበቃው ትልቅ መዝገብ ዘርግቶ የገባውን ሁሉ ያስጽፋል፣ ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ማን ጋር እንደመጣን፣ ለምን እንደመጣን፣ ሰዓት። እስክሪብቶው በክር ታስሯል፣ መዝገቡ እንደተከፈተ ነው፣ እና የራሴን ስጽፍ ከኔ በላይ የጻፉትን ሰዎች በሙሉ አነባለሁ፣ ማን የት ቢሮ እንደሄደ፣ ስልኩ ስንት እንደሆነ፣ ሁሉንም። ከኔ በፊት አንዲት ወጣት ልጅ ጽፋ ገብታ ነበር። ፎቁ ላይ ወረፋ ይዘን እያለን ስልኳ ጠራ፣ የማታውቀው ቁጥር ነው፣ አነሳችው፣ ሰውዬው በስሟ ነው የጠራት፣ ታች ስትጽፊ አይቼሽ ነው አላት። ፊቷ ላይ የነበረውን ብታዩ! ስልኩን ዘግታ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ዙሪያዋን ማየት ነው፣ ከነዚህ ወንዶች የትኛው ይሆን ብላ፣ እኔንም ጨምሮ እኮ ነው። ከዛ ብቻዬን አልወርድም ብላ አንዲት ትልቅ ሴትዮና እኔ አጅበን እስከ ታክሲ ሸኘናት።

ስመለስ ጥበቃውን አናገርኩት። "ጋሼ፣ እኔ አስጽፍ የተባልኩትን ነው የማስጽፈው" አለኝ። እውነቱን ነው። እሺ መዝገቡ ሲያልቅ የት ይሄዳል ወንድሜ አልኩት። ትንሽ አሰበና "እስቶር መሰለኝ" አለ። መሰለኝ! እስኪ አስቡት፣ ስንት ሺ ሰው ስሙንና ስልኩን ያሰፈረበት መዝገብ መጨረሻው "መሰለኝ" ነው። ያ መዝገብ የተዘረጋው ለደህንነት ነው ተብሎ ነው። ያቺ ልጅ ደህንነት የተሰማት ይመስላችኋል? ስልኳን የሰጠችው ለሕንፃው ነው፣ ለዛ ሰውዬ አልሰጠችም። ግን ደረሰው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ፣ ልክ እንደዛ ነው።

አሁን ያንን መዝገብ አገር አሳክሉት። ለዛ ነው ታሪክ ልነግራችሁ የፈለግኩት።

ሆላንድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የሕዝብ መዝገቧ በጣም የተሟላ ነበር። እያንዳንዱ ነዋሪ ካርድ አለው፣ አድራሻው አለ፣ ሃይማኖቱም አለ። ሃይማኖት የጻፉት ሰው ለመጉዳት አስበው አደለም፣ ለአስተዳደር ይጠቅማል ብለው ነው፣ ሕዝቡም የሚደብቀው ነገር ስለሌለው በደንብ ሞላ። በ1940 ጀርመኖች ገቡ። መዝገቡ ተጽፎ፣ ተደርድሮ፣ በፊደል ተራ ተቀምጦ ጠበቃቸው። በዛ አገር ከነበሩት 140 ሺ ገደማ አይሁዶች ከ100 ሺ በላይ የሚሆኑት አለቁ። የዚህ ሁሉ ምክንያት መዝገቡ ብቻ ነው አልልም፣ ግን ማን የት ቤት እንደሚኖር አንድ በአንድ ያሳያቸው እሱ ነው። መጋቢት 27 ቀን 1943 አርቲስቶች ያሉበት አንድ ቡድን የፖሊስ ልብስ ለብሶ አምስተርዳም ያለውን መዝገብ ቤት ገብቶ በእሳት አያያዘው። የእሳት አደጋ ሠራተኞቹም ነገሩ ገብቷቸው እያዘገሙ ደረሱ፣ ከዛ ደሞ እሳቱ ያልበላውን ወረቀት ውሃ በላይ በላዩ እየደፉ አበላሹት። ያም ሆኖ የተቃጠለው ከፊሉ ብቻ ነው። ከቡድኑ ጋር በተያያዘ 12 ሰዎች ተረሸኑ። ወገኖቼ፣ ሰው ፎርም ለማጥፋት ነፍሱን ሰጠ እኮ!

ሩዋንዳን ደሞ ሁላችንም እናውቃለን። ቤልጂየሞች በ1930ዎቹ መታወቂያ ሲያድሉ ሁቱ ወይ ቱትሲ የሚል መስመር ጨመሩበት። ከነፃነት በኋላ የመጣው መንግሥትም መስመሩን አላወጣውም፣ እንዳለ ቀጠለ። 60 ዓመት ገደማ ካርዱ ላይ ተቀምጦ፣ በ1994 መንገድ ላይ ኬላ ተዘርግቶ "መታወቂያ!" ሲባል ያቺ አንድ መስመር የሞትና የሕይወት መለያ ሆነች። ካርዱን ያተመው፣ መስመሩን የጨመረው፣ ስታምፕ የመታው ሰው በዛን ጊዜ በሕይወት የለም ይሆናል። መስመሯ ግን አለች። ከእልቂቱ በኋላ ያቺ መስመር ከሩዋንዳ መታወቂያ ወጣች። መጀመሪያውኑ ባትኖርስ ኖሮ?

ለዚህ ነው መረጃ ሰብሳቢው ጥሩ ሰው ነው ወይስ መጥፎ ሰው ነው የሚለው ጥያቄ ለኔ ብዙም የማይጠቅመኝ። ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል፣ ነገ ግን እሱ ወንበሩ ላይ የለም። መረጃው ግን አለ። አፍጋኒስታን ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ የወታደሩ፣ የፖሊሱ፣ የመንግሥት ሠራተኛው አሻራና ዓይን በባዮሜትሪክ፣ ማለትም ሰውን በአካሉ በሚለይ ማሽን፣ ሲመዘገብ ነበር፣ ደሞዝ በትክክል ለመክፈል፣ ሰርጎ ገብን ለመለየት ተብሎ ነው። በ2021 ታሊባን ሥልጣን ሲይዝ ሲስተሙም አብሮ ወደሱ ዞረ። ደሞዝ ለመቀበል ጣቱን ያስነበበ ሰው ያንኑ ጣት ይዞ መደበቂያ ፈለገ።

ጣት ካልኩ አይቀር፣ ይሄ ነገር በደንብ እንዲገባን እፈልጋለሁ። የቤታችሁ ቁልፍ ቢጠፋ ቁልፉን ትቀይራላችሁ፣ አሻራችሁ ቢሰረቅ ግን ምኑን ትቀይሩታላችሁ? በ2015 የአሜሪካ መንግሥት የሠራተኞቹን ፋይል የሚይዘው መሥሪያ ቤት ሀክ ተደርጎ የ21.5 ሚሊዮን ሰው መረጃ ወጣ፣ ከዛ ውስጥ 5.6 ሚሊዮኑ አሻራውም አብሮ ሄዷል። አሜሪካ እኮ ነው! ያ ገንዘብና ያ ባለሙያ ያለው መንግሥት ያልጠበቀውን፣ በፎቶ ኮፒ ቤትና በቴሌግራም መታወቂያ የሚቀባበል መሥሪያ ቤት እንዴት አድርጎ ይጠብቀዋል ብለን ነው ምናምነው?

አንዳንድ ሰው ደሞ ስም አንጽፍም፣ ስለዚህ ችግር የለውም ይላል። ላታንያ ስዊኒ የምትባል የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ በ2000 ባወጣችው ጥናት የአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶው በሦስት ነገር ብቻ ተለይቶ ሊታወቅ እንደሚችል አሳይታለች፣ የትውልድ ቀን፣ ፆታ፣ የሰፈሩ የፖስታ ቁጥር። ስም የለም፣ ስልክ የለም፣ ግን አንተ ነህ። ስለዚህ "ትንሽ መረጃ ነው" ሲሏችሁ ከምን ጋር ሊገጣጠም እንደሚችል አስቡ።

ሌላው የማይነገረው ነገር፣ ለአንድ ጉዳይ የተሰበሰበ መረጃ ቀስ እያለ ለሌላ ጉዳይ መዋሉ ነው። ሕንድን እንይ። ከ2010 ጀምሮ አዳር የሚባል ባለ 12 አሃዝ ቁጥር መስጠት ጀመሩ፣ የአሥሩም ጣት አሻራ፣ ሁለቱም ዓይን፣ ፎቶ። ዓላማው ለድሃ የሚሰጥ ድጎማ በትክክል ለባለቤቱ ይድረስ ነው፣ ጥሩ ዓላማ ነው፣ በፈቃደኝነትም ነው ተባለ። ከዛ ባንክ ጠየቀው፣ ስልክ ድርጅት ጠየቀው፣ ትምህርት ቤት ጠየቀው። ፈቃደኝነቱ ወዴት እንደገባ ሳይታወቅ ያለሱ የማይኬድበት ሆነ። ፑታስዋሚ የሚባሉ ጡረታ የወጡ አዛውንት ዳኛ በ2012 ከሰሱ። መንግሥት ፍርድ ቤት ቀርቦ ምን ብሎ ተከራከረ መሰላችሁ? ግላዊነት በሕገ መንግሥታችን መሠረታዊ መብት አደለም አለ! ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዘጠኝ ዳኞች በአንድ ድምፅ መብት ነው አሉ። በቀጣዩ ዓመት ደሞ የዚሁ ፍርድ ቤት ዳኞች ቁጥሩ ለድጎማና ለግብር ይቀጥል፣ ነገር ግን የግል ድርጅት ሊያስገድድበት አይችልም፣ ባንክና ሲም ካርድም ያለሱ አይሆንም ሊሉ አይችሉም ብለው ወሰኑ። አንድ ሽማግሌ "ለምን?" ብለው ስለጠየቁ ነው ይሄ ሁሉ የመጣው። ግን ልብ በሉ፣ ፍርዱ ሲመጣ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቦ አልቋል።

እሺ፣ ሁለተኛው። በር ላይ የሚቀረው ማነው?

አክስቴ እኛን ያሳደገችው የሰው ልብስ እያጠበች ነው። ዕድሜዋን ሙሉ እጇ ሳሙና ውስጥ ነው የኖረው። ለአንድ አገልግሎት አሻራ ስጡ ተብሎ ይዣት ሄድኩ። ማሽኑ ላይ ያለው ልጅ ሰው አክባሪ ነው፣ "እማማ ጠበቅ አድርገው ይጫኑት" ይላታል፣ ትጫናለች፣ ቀይ ያበራል። በሶፍት ጠረገላት፣ ቀይ። ሌላኛውን ጣት፣ ቀይ። ሎሽን ቀባላት፣ ቀይ። ከኋላችን ያለው ወረፋ ማጉረምረም ጀመረ። ልጁም ተጨነቀ፣ "ሲስተሙ እምቢ ብሏል እማማ፣ ሌላ ቀን ይሞክሩ" አላት። አክስቴ እጇን ገልብጣ እያየች "ምን አጥፍቼ ነው ልጄ?" አለችው። እኔ ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የሠራችበት እጅ ነው የከሰሳት! ብዙ የሠራ ሰው አሻራው ያልቃል፣ ገበሬ፣ ግንበኛ፣ አጣቢ፣ አዛውንት። ማሽኑ የማያነበው እነሱን ነው፣ ድጎማ የሚያስፈልጋቸውም እነሱ ናቸው። ሕንድም ውስጥ አሻራቸው አልገጥም ብሎ የራሽን እህል ሳያገኙ የተመለሱ ሰዎች ጉዳይ ስንት ጊዜ ተዘግቧል፣ ፍርድ ቤትም ቀርቧል።

ኬንያም ተመሳሳይ ነገር ነው። በ2019 ሁዱማ ናምባ የሚባል ምዝገባ ሲጀመር ኑቢያን የሚባሉት ማኅበረሰቦች ፍርድ ቤት ሄዱ። እነዚህ ሰዎች ድሮውንም መታወቂያ ለማውጣት ከሌላው ዜጋ በላይ እየተጣሩ፣ ኮሚቴ ፊት እየቀረቡ የሚጉላሉ ነበሩ፣ እና አሮጌው መታወቂያ የከለከለንን አዲሱ ቁጥር ጨርሶ ይዘጋብናል አሉ። ጥር 30 ቀን 2020 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ዲኤንኤ እና የመኖሪያ ቤትን የጂፒኤስ ቦታ መሰብሰብ አይቻልም፣ ምዝገባውም በቂ ሕግ ሳይወጣለት አይቀጥልም አለ። መንግሥት ካርድ ማደሉን ቀጠለ። ጥቅምት 14 ቀን 2021 ፍርድ ቤቱ እንደገና፣ በሰው መረጃ ላይ ሊመጣ የሚችለው ጉዳት አስቀድሞ ሳይጠና የተደረገ ነው ብሎ ሕገ ወጥ ነው አለው። ጎረቤት አገር ነው፣ ዳኞቹም ጠያቂዎቹም አፍሪካውያን ናቸው። ግላዊነት የፈረንጅ ቅንጦት ነው ለሚሉን መልሱ ይሄው።

ሁሉም ከተመዘገበ ወንጀል ይቀንሳል የሚለውንም ቶሎ ልለፈው። ሜክሲኮ በ2009 ሲም ካርድ ሁሉ በስም ይመዝገብ አለች፣ ጥቂት ዓመት ሳይሞላ ተወችው፣ አጋችና አጭበርባሪ የሌላ ሰው ስልክ መጠቀም አላቃተውም። እንደገና በ2021 ከነ ባዮሜትሪኩ ሕግ ወጣ፣ በ2022 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው።

እና ሁልጊዜ የምትመጣ አንዲት ጥያቄ አለች፣ ዛሬም ከመሐላችሁ የሚያስባት ሰው አለ፣ "የምደብቀው ከሌለኝ ምን አስፈራኝ?" የምትለዋ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ አንቺ ላይኖርሽ ይችላል። ከባሏ ዱላ ሸሽታ አድራሻ የቀየረች ሴት ግን አላት። ኤችአይቪ በደሙ ያለበት፣ መድኃኒቱን በጊዜው የሚወስድ፣ ጎረቤቱ እንዲያውቅ የማይፈልግ ሰው አለው። ሙስና አይቶ ለጋዜጠኛ የደወለ ሠራተኛ አለው። እነዚህ ምን አጠፉ? በ1948 የወጣው የሰብዓዊ መብቶች ዓለም አቀፍ መግለጫ አንቀጽ 12 የማንም ሰው የግል ሕይወት፣ ቤተሰብ፣ ቤትና ደብዳቤ በዘፈቀደ አይደፈርም ሲል ጥፋት የሌለበት ሰው ብቻ አላለም። ማንም ነው ያለው!

ወደ ሦስተኛው ልምጣ፣ ምን እናድርግ? ሕግ ይምጣ ብሎ ቁጭ ማለት አያዋጣም። የአፍሪካ ኅብረት የሳይበር ደህንነትና የግል መረጃ ስምምነት ኢኳቶሪያል ጊኒ፣ ማላቦ ከተማ ላይ የጸደቀው በ2014 ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው በ2023። በዛ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስንት አሻራ ተሰብስቧል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ጩኸቱ ቀድሞ ነው፣ መረጃው ሳይሰበሰብ። ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚሰበሰብ በሕግ ይጻፍ፣ ፖሊስ ሊያየው ሲፈልግ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ ይምጣ፣ የሚቆጣጠረው አካል ከሰብሳቢው ነፃ ይሁን፣ አሻራው እምቢ ላለው ሰው ሌላ መንገድ ይኑረው። ይቻላል እኮ! ኢስቶኒያ ውስጥ ሰው ኢንተርኔት ላይ ገብቶ የመንግሥት መዝገብ ውስጥ ያለውን የራሱን መረጃ የትኛው መሥሪያ ቤት መቼ እንዳየው ማየት ይችላል። እንግሊዝ በ2006 የመታወቂያ ሕግ አውጥታ በ2010 ሻረችው፣ ከዛም የተሰበሰበው መረጃ ያለበትን ሃርድ ዲስክ በማሽን አስፈጨችው። መረጃ ይጠፋል፣ ካልተፈለገ ነው የማይጠፋው።

እኛ ደሞ በየግላችን፣ የመታወቂያ ፎቶ ኮፒ ስትሰጡ ኮፒው ላይ በእስክሪብቶ አግድም ለማን፣ ለምን ጉዳይ፣ በየትኛው ቀን እንደሰጣችሁ ጻፉበት። ፊታችሁንና ስማችሁን ሳትሸፍኑ ጽሑፉ ላይ ማለፍ አለበት፣ ዳር ላይ ብቻ ከሆነ ተቆርጦ ይጣላል። ይሄን ያደረገ ሰው ኮፒው ሌላ ቦታ ሲም ካርድ ሊወጣበት ሲሞከር ቢያንስ ሻጩ ይጠይቃል። የመታወቂያ ፎቶ በቴሌግራም ከላካችሁ ጉዳዩ እንዳለቀ ከሁለቱም በኩል አጥፉት፣ የተቀበለው ሰው አውርዶት ከሆነም እንዲያጠፋው ንገሩት። ፎርም ሲሰጣችሁ ግዴታ የሆነውና ያልሆነው የትኛው ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰጪው ራሱ ተጠይቆ አያውቅም፣ አንዳንዴ "ተወው ባዶ ይሁን" ይላችኋል፣ ሞክሩት።

አሁን የምናገረው ደሞ ከመሐላችሁ መረጃ ሰብሳቢ ለሆናችሁ ነው። ትምህርት ቤት ያላችሁ፣ ክሊኒክ ያላችሁ፣ ማኅበር የምትመሩ፣ አፕ የምትሠሩ ወጣቶች። ዛሬ በር ላይ ፎርም አላስሞላናችሁም። አዘጋጆቹ ስምና ስልክ እንያዝ ብለው ነበር፣ ለምን ስላቸው ስንት ሰው እንደመጣ ለማወቅ አሉኝ፣ እንግዲያው ሰው ቁጠሩ አልኳቸው፣ ቆጠሩ፣ አለቀ። እናንተም ነገ ቢሮ ስትገቡ ፎርማችሁን አውጡና እያንዳንዱን መስመር ይሄ ባይኖር ሥራዬ ይቆማል ወይ በሉት። የብሔር መስመር፣ የሃይማኖት መስመር፣ የእናት ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ሥራው ካልቆመ ሰርዙት። እስቶር ያለውን የአምስት ዓመት ፎቶ ኮፒ ለቆሻሻ ሰብሳቢ አትስጡት፣ ቅደዱት፣ አቃጥሉት። የቆየ ኮምፒውተር ስትሸጡ ውስጡ ያለውን የሰው ፋይል ባለሙያ ያጥፋው። የሰው አደራ ነው የያዛችሁት፣ እባካችሁ።

ስለሰማችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፣ ማይኩ ይደርሳችኋል። ስሙን መናገር የፈለገ ይናገር፣ ያልፈለገ ጥያቄውን ብቻ ይጠይቅ።